የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከካርላይል ጋር አንድ ሲዝን

እዚህ ዲሲ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩ ልጆች ያሉበት ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የካርላይል የኔቲቭ አሜሪካን ልጆች ትምህርት ቤት ፉትቦል ቡድን እኤአ በ1912 የተጫወተውን ሲዝን ጨዋታ በጨዋታ መከታተል። ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን ነው፣ ሐሳቡን ያመጡትም ሀይስኩላቸው ውስጥ የሚጫወቱት ልጆቻችን ናቸው።

ሁለት ሕግ አወጣን። በየቅዳሜው የምናነበው ቡድኑ በዚያ ሳምንት የተጫወተውን ብቻ ነው፣ ውጤት ቀድሞ ጎግል ማድረግ ክልክል። ሌላው ደግሞ የምንጽፈው ሁሉ በአማርኛ ይሆናል፣ ታችዳውን (ኳሱን የተቃራኒው የመጨረሻ መስመር ማሳለፍ)፣ ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) የሚሉት የፉትቦል ቃላትም በፊደል።

ሴፕቴምበር ላይ ድል በድል ላይ ነበር፣ ኦክቶበር ሲገባ የቪላኖቫ ኮሌጅን 65 ለ 0 ሲረቱማ ልጆቹ ይሄ ቡድን የሚሸነፍ አይደለም ብለው ደመደሙ፣ ከዚያ ከዋሽንግተን ኤንድ ጄፈርሰን ኮሌጅ ጋር 0 ለ 0 ሲወጡ ክፍሉ ጸጥ አለ። ታችዳውን ከ5 ነጥብ ወደ 6 ያደገው፣ አራተኛ ዳውን (ኳሱን ወደፊት ለመግፋት አራተኛ ሙከራ) የተጨመረው፣ ሜዳውም ከ110 ወደ 100 ያርድ ያጠረው በዚያው ዓመት ነው፣ ይሄን ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስረዳን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ከኔ በጣም ይሻላል። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን እዚሁ ዲሲ መጥተው 34 ለ 20 ያሸነፉበትን ጨዋታ ልጆቹ እንደ ሰፈራቸው ወሬ ነው ያወሩት።

የቡድኑን ኮከብ ጂም ቶርፕን ሁሉም ወደደው። የኦክላሆማ የሳክ ኤንድ ፎክስ ነገድ ልጅ ነው፣ በዚያው በጋ ስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ ፔንታትሎንና ዴካትሎን (የአምስትና የአሥር ዓይነት አትሌቲክስ ውድድሮች) አሸንፎ ተመልሶ በኮች ፖፕ ዋርነር ስር ይሮጣል፣ ኳስ ይለጋል፣ ይከላከላል። ኦሎምፒክ ያኔ ለስፖርት ገንዘብ ለማይከፈላቸው ብቻ ነበርና በኋላ ለቤዝቦል ገንዘብ ተከፍሎሃል ተብሎ ሜዳሊያዎቹን እንደቀሙት፣ ብቸኛ አሸናፊነቱም ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት በ2022 እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ተናደዱ፣ እኔም ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

ኖቬምበር 9 ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዌስት ፖይንት ሄደው የጦር አካዳሚውን ቡድን 27 ለ 6 አሸነፉ፣ በተቃራኒው በኩል ከተሰለፉት አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አይዘንሃወር ነበር። ዉንድድ ኒ በሚባል ቦታ የአሜሪካ ጦር ላኮታ የሚባሉትን ኔቲቭ አሜሪካኖች ከጨፈጨፈ ገና 22 ዓመቱ ነው እኮ! ይሄን ሳነብላቸው ማንም አላጨበጨበም፣ ዝም ብለው ነው የሰሙት። በሳምንቱ በፔን (ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ) 34 ለ 26 ተሸነፉ፣ ሲዝኑ በ12 ድል፣ በ1 ሽንፈትና በ1 አቻ አለቀ።

ክረምቱን ስለ ትምህርት ቤቱ ራሱ አነበብን። በ1879 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በድሮ ጦር ሰፈር ነው የተከፈተው፣ ልጆቹን ከየአገራቸው አምጥተው ፀጉራቸውን ይቆርጡ ነበር፣ ስማቸውን ይቀይሩ ነበር፣ በቋንቋቸው እንዳያወሩም ይከለክሉ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍ ትተው አማርኛ ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ይሄን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው እኔ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። አንዱ «ከእናቱ ጋር በምን ያወራል ታዲያ ሲመለስ?» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ሜይ ላይ ከወላጆች ጋር በሦስት መኪና ካርላይል ሄድን፣ ከሜሪላንድ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያው የሞቱ ልጆች መቃብር አለ፣ በመስመር የተተከሉ ነጫጭ ድንጋዮች። በሕጋችን መሠረት ጽሑፉን በአማርኛ እንዲገለብጡ ደብተር ይዘው ነበር። አንዷ የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን «አንኖውን» ብቻ የሚል ድንጋይ ጋ ቆማ ቀረች፣ ጠጋ ስል «ቲቸር፣ ያልታወቀ ልበል ወይስ ያልታወቀች?» አለችኝ። ድንጋዩን ዞረን አየነው፣ ወንድ ይሁን ሴት የሚናገር ነገር የለም። ትንሽ አሰበችና «ያልታወቀ» ብላ ጻፈች፣ አጠገቡ በቅንፍ «ች» ጨመረችበት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሄደች።