የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ስድስት ነጥብና አንድ የተረሳ ምልክት

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በ23 አባላት፣ በሁለት ክራር፣ በአንድ ማሲንቆ፣ በአንድ ኪቦርድና ቁልፉ በየሳምንቱ በሚጠፋ ቁም ሣጥን ነበር። በሰንደቅ ዓላማ ቀን ዘምረናል፤ በወላጆች ቀን አራት ዜማዎች አቅርበናል፤ የኪቦርዱ ገመድ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለመዝገቡ ይህ ይበቃል። የቀረውን ቦታ ከኅዳር ጀምሮ ስለያዘን ሥራ፣ ኖታን በብሬል (በጣት በሚነበቡ ነጥቦች) ስለመጻፍ፣ ልጻፍበት።

ከአባላቱ መካከል ማየት የተሳናት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ዐምና ሌሎቹ ኖታቸውን ሲዘረጉ እርሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። አንዱ ዜማውን ይጫወትላታል፤ እርሷም በቃሏ ትይዘዋለች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሳታጎድል ስትመልሰው «ጆሮዋ እኮ ልዩ ስጦታ ነው» እንባባል ነበር፤ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀውም እኔ ነበርኩ። አድናቆቱ ወረቀት ላለመስጠት ጥሩ ሰበብ እንደሆነኝ የገባኝ በኅዳር ወር «መምህር፣ የተጫወተልኝ ሰው ከተሳሳተ እኔ በምን አውቃለሁ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ብሬል ለንባብ እንደሚያገለግል አውቅ ነበር፤ ለሙዚቃ ኖታም እንደሚያገለግል የሰማሁት ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው። የሚገርመው ሙዚቃው በኋላ የተጨመረ አለመሆኑ ነው። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1829፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ላይ ሦስት ነገሮችን ይጠራል፦ ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በነጥብ መጻፍ። ያለ ምክንያት አልነበረም። የኮርቻና የልጓም ሠሪ ልጅ የነበረው ብሬል በ3 ዓመቱ በአባቱ ወስፌ አንድ ዓይኑን ተጎድቶ በኋላ ሁለቱም ታወሩ፤ በ10 ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሙዚቃ የእንጀራ ነገር ነበር። ተማሪዎቹ ሲወጡ በየቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ይጫወታሉ፣ ፒያኖ ይቃኛሉ፤ ብሬልም ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በጊዜው የነበረው ዘዴ የዓይናማውን ፊደልና ኖታ በወረቀት ላይ ጎላ አድርጎ ማተም ነው። ጣት እየተጎተተ ያነበዋል፤ ተማሪው ግን በገዛ እጁ ሊጽፈው አይችልም። ነጥቦቹ የመጡት ይህንን ለመፍታት ነው።

አሠራሩን ለመማር ሁለት ወር ፈጀብን። መስመር የለም፣ ወደ ላይ የሚወጣ ወደ ታች የሚወርድ ክብ የለም። አንድ ምልክት የሚሠራባቸው ስድስቱ ነጥቦች (በሁለት ዐምድ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩት) ሥራ ይከፋፈላሉ፦ ከላይ ያሉት አራቱ ድምፁን፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ርዝመቱን ይናገራሉ። ከታች ምንም ከሌለ የሙሉ ኖታ ስምንተኛ ነው፤ ከታች በስተቀኝ ያለችው ስድስተኛዋ ነጥብ ብትጨመር ሩብ፣ በስተግራ ያለችው ሦስተኛዋ ብትጨመር ግማሽ፣ ሁለቱም ካሉ ሙሉ ኖታ ይሆናል። በአማርኛ ብሬል ለ«ደ» ቤት ፊደላት የሚያገለግለው ምልክት በሙዚቃ «ዶ» ሆኖ ሲገኝ ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ ቀጥለውም «ታዲያ ረ ለምን ሬ አልሆነም?» ብለው አፋጠጡኝ። ፈረንሳዊው አማርኛ አያውቅም ነበር ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

የምንጽፈው በስሌት (ወረቀቱን በሚይዝ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በሚወጋ ሹል መሣሪያ) ነው። ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ተገልብጦ ይጻፋል። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ አምስት ጊዜ አበላሸሁ፤ እርሷ ከጎኔ ሆና ትስቃለች። ወፍራም ወረቀት በማጣታችን የጻፍንበት የአሮጌ ካሌንደር ቅጠል ነበር።

በመጋቢት በትዝታ ቅኝት የደረስኩትን አጭር ዜማ በነጥብ ገልብጬ ሰጠኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጫወትላት በግራ እጇ እየዳሰሰች ታዜም ጀመር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ከሶል ተነሥቶ ላይኛው ሚ ላይ መውጣት ሲገባው እርሷ ወደ ታችኛው ሚ ወረደች። አቋረጥኳትና «ወደ ላይ ነው» አልኳት። መልሳ ዳሰሰችው። «መምህር፣ ወረቀቱ ወደ ታች ነው የሚለው።»

እውነቷን ነበር። በብሬል ኖታ ከአንዱ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስድስተኛ (ሁለቱን ጨምሮ ሲቆጠር ስድስት ድምፅ) እና ከዚያ በላይ ሲሆን የኦክታቭ ምልክት፣ ማለትም ድምፁ ላይኛው ይሁን ታችኛው የሚነግረው፣ ከድምፁ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ምልክት ከሌለ አንባቢው ቅርቡን ይይዛል። ከሶል ቅርቡ ሚ ደግሞ ታች ያለው ነው። እርሷ የተጻፈውን አነበበች፤ ስህተቱ የእኔ ነበር። በ15 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ተማሪ በማረሙ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዐምና ቢሆን የእኔን ስህተት በቃሏ ይዛ ትቀር ነበር።

ሁሉም ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። ክራርና ማሲንቆ ሁለቱንም እጅ ስለሚፈልጉ እያነበቡ መጫወት አይቻልም፤ ጥቂት ይነበባል፣ በቃል ይያዛል፣ ከዚያ ይደረደራል። ኪቦርድ ላይ አንዱ እጅ እያነበበ ሌላው ይጫወታል፤ ሁለቱን ማጋጠም የራሱ ሥራ ነው። የሚመቸው ለዘማሪ ነው። ቃሉ በአንድ መስመር፣ ዜማው ከሥሩ ይጻፋል። ቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ አባላችን ይህን ሲሰማ «የእኛ ምልክት የሚበዛው ከፊደሉ በላይ ነው፤ የእነርሱ ከታች ሆነ» አለ፤ ድፋትና ቅናት የሚባሉትን የዜማ ምልክቶችም በሰሌዳ ላይ ጽፎ አሳየን። ያን ቀን ልምምድ አልሠራንም።

አገሮች ምልክቶቹን በየፊናቸው መለወጥ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1888 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ስምምነት ላይ እስኪደርሱ ድረስ የአንዱን ገጽ ሌላው ለማንበብ ይቸገር እንደነበር አንብበናል። ስለዚህ እኛም የራሳችንን ምልክት ከመፍጠር ተቆጥበናል፤ ሁለት አባላት ግን አሁንም ለክራር ድርድር ልዩ ምልክት ያስፈልጋል ብለው ይከራከራሉ።

እስከ ሰኔ ወር ድረስ ዐሥራ አራት ዜማዎች ገልብጠናል፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳይጨፈለቁ ቆመው ተቀምጠዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ስለሌለን ወላጆች ያለፈበት የግድግዳ ካሌንደር ካላችሁ ላኩልን። የታተመበት ቢሆንም ግድ የለም፣ የሚነበበው በጣት ነው።