የፎቶ ወረቀት ሣጥን ሳይፈተን አይታመን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በፊልም ካሜራ አንሥተው ጥቁርና ነጭ ፎቶ በገዛ ቤታቸው የሚያጥቡ ወጣቶች አልፎ አልፎ ምክር ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ባብዛኛው የፊልሙን ምስል አጉልቶ ወረቀቱ ላይ ስለሚጥለው መሣሪያ፣ ስለ ማጉያው ሌንስ፣ እንዲሁም ምስሉን በወረቀቱ ላይ ስለሚያወጣው ፈሳሽ፣ ስለ ዴቨሎፐሩ አበጣበጥ ነው፤ ወረቀቱን በምን ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ያመጡትን ፎቶ ስመለከት ነጭ መሆን የነበረበት ኅዳግ አመድማ ሆኖ፣ የነጠላው ንጣትም ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ዴቨሎፐሩን ያማርራሉ እንጂ ሣጥኑን የሚጠረጥር የለም፤ ስለዚህ ጉዳዩን በጋዜጣችሁ ላይ ማንሣት ፈለግሁ።

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት በጀላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ጨው የተቀባ ነው። ይህ ጨው በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን ቶሎ ሲጎዳ ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይነካውም፤ በቀይ መብራት መሥራት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ወረቀት ከፊልም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ትንሽ ጭላንጭል ምንም አያደርገውም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የገባበትን ብርሃን እያጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ለአንድ አፍታ የማይጎዳው ጭላንጭል ሰንብቶ ሊያበላሸው ይችላል።

በዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ መለየት ያስፈልጋል። ለማከማቻ፣ ወረቀቱ ከፋብሪካ ከመጣበት ጥቁር ላስቲክና ካርቶን የተሻለ የለም፤ የላስቲኩ አፍ ሁለት ጊዜ ይታጠፍ፣ ካርቶኑም በደንብ ይከደን። በማጉያው አጠገብ የሚኖረውና በአንድ እጅ የሚከፈተው ሣጥን ግን የዕለት ነው፤ የዚያን ቀን የሚታተመውን ያህል ጥቂት ወረቀት ብቻ ይያዝ፣ ሥራ ሲያልቅም የተረፈው ወደ ላስቲኩ ይመለስ። 100 ወረቀት በሙሉ ወደ ዕለቱ ሣጥን የሚገለብጥ ሰው ክዳኑን አንድ ቀን ከዘነጋ 100ውንም ያጣል።

የዕለቱ ሣጥን በውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ ሆኖም ደህና አናጺ ባለበት ከተማ እየኖሩ ለዚህ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት አይታየኝም። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የአሠራሩ ምሥጢር መንገዱን ማጣመም ነው፤ ክዳኑ በግድግዳው ጫፍ ላይ ብቻ ከሚያርፍ ይልቅ እንደ አገልግል ክዳን ግድግዳውን አቅፎ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ታች መውረድ አለበት። በማጠፊያው በኩል ይህ ስለማይቻል ከውስጥ ጥቁር ከፋይ ይለጠፍበት። ውስጡ የሚቀባው ጥቁር ቀለም የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የአዲስ ዘይት ቀለም ትነትም ወረቀት ስለሚያበላሽ ሣጥኑ ተከፍቶ ለሳምንታት ይናፈስ። እኔ በበኩሌ ክዳኑ ወደ ታች የሚወርድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ እመርጣለሁ፤ ጉድለቱ በአንድ እጅ አለመከፈቱ ነው።

ዋናው ነገር ግን ፈተናው ነው። ብዙዎች ምንም ያልተነካ ቁራጭ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ አድርገው ፀሐይ ላይ ያውሉትና፣ ሲታጠብ ነጭ ሆኖ ከወጣ ሣጥኑ ደህና ነው ይላሉ። ይህ ያታልላል። ወረቀት መጥቆር የሚጀምረው የተወሰነ ብርሃን ካገኘ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የሆነ ጭላንጭል ባልተነካ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ከማጉያው ብርሃን ጋር ሲደመር ግን ይወጣል። ስለዚህ ቁራጩ አስቀድሞ በማጉያው ሥር፣ ሲታጠብ ቀለል ያለ ግራጫ የሚያደርገውን ያህል ብርሃን ያግኝ። ከዚያም ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥና መሐሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ይደረግበት። ሣጥኑን ዘግቶ፣ ሳንቲሙ እንዳይንሸራተት ሳያጋድሉ፣ አራቱንም ጎን በየተራ ወደ ፀሐይ እያዞሩ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ቁራጩ ሲታጠብ ወጥ ግራጫ ከሆነ ሣጥኑ ብርሃን አያስገባም፤ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ክብ ከታየ ግን ከሳንቲሙ ውጭ ያለው ክፍል ተጨማሪ ብርሃን አግኝቷል ማለት ነው። ጥቁረቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ደግሞ ቀዳዳው በየት በኩል እንዳለ ይጠቁማል። ቀይ መብራቱም በዚሁ መንገድ ይፈተናል።

ሣጥኑ ፈተናውን ቢያልፍም ክፍት ሳለ አይረዳም። ሥራ ላይ እያሉ መብራት ቢጠፋ፣ ሻማ ከመፈለግ በፊት ክዳኑን መዝጋት ይቀድማል፤ የነጩ አምፖል ማብሪያ ሳይታወቅ ከተነካ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ክፍት የተገኘው ወረቀት ሁሉ በብርሃኑ ይበላሻል። የዲቫይደር አረንጓዴ መብራት፣ በኪስ ውስጥ ያለ ስልክና የሚያበራ የእጅ ሰዓትም ወረቀቱ በማይወደው ቀለም የሚያበሩ ናቸው፤ ከክፍሉ ይውጡ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ወረቀቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያኖር ሰው ደግሞ፣ ላስቲኩን ሳይከፍት በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጥቂት ሰዓት ይጠብቅ፤ አለዚያ እርጥበት ይይዘዋል።

በመጨረሻ ለሻጮች አንድ አቤቱታ አለኝ። በቅርቡ ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ወረቀት ከካርቶኑ ወጥቶ በተራ ካኪ ፖስታ ተጠቅልሎ የተሰጠኝ ነበር፤ ሳጥበው የሁሉም ጠርዝ ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል ጠቁሮ ወጣ። ካኪ ብርሃን አይከለክልም። ወረቀት በችርቻሮ መሸጥ ለእኛ ለገዢዎች ይጠቅማልና ይቅር አልልም፤ ነገር ግን በቀይ መብራት ተቆጥሮ፣ ቀዳዳ በሌለው ጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ የወረቀቱ ዓይነት በላዩ ተጽፎ ሊሸጥ ይገባል። የቀለም ፎቶ ወረቀት ከሆነ ቀይ መብራትም ስለሚያበላሸው በድፍን ጨለማ ብቻ ይቆጠር። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጡም ቢሆኑ፣ ፈታሽ እጅ ሳያውቅ እንዳይከፍተው «የፎቶ ወረቀት ነው፤ በብርሃን አይከፈት» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በካርቶኑ ላይ እንዲለጥፉ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ