የድሮ ተማሪ በምን ይበልጣል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለትምህርቱም ለአገሩም ደንታ የለውም» የሚለው ወቀሳ ፒያሳ ቡና ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ይነሣል። እናንተም ደጋግማችሁ ታትሙታላችሁ። ድሮን የሚያሞግሰው ሰው ግን የድሮውን ተማሪ በቅርብ ያየው አይመስለኝም።

እኔ አይቼዋለሁ። በ1960 ዓ.ም. ደንቢያ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ያስተማረን ሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ካላገለገለ ዲግሪውን አያገኝም። ወዶ የመጣ አይምሰላችሁ፤ ትንኙን ሲራገም፣ ሽሮውን ሲያማርር ነበር የከረመው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ለባለጉዳይ ገበሬ ማመልከቻ ይጽፋል። ሳንቲም አይቀበልም። ራፖር ጸሐፊዎቹ እንጀራችንን ዘጋው ብለው አቤት አሉበት። እሱ በየካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብሎ ከተሰለፈው ትውልድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰውን የሚያካስሰው ከጭሰኝነት ይልቅ የርስት፣ ማለትም በዘር የሚወረስ መሬት፣ ክርክር መሆኑን የተረዳው እነዚያን ማመልከቻዎች ሲጽፍ ነው። ማታ በፋኖስ የባለጉዳዮቹን የዘር ሐረግ እስከ ቀዳሚው ባለርስት ድረስ እየሳለ ሲጨነቅ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ስለ መሬት ሲናገር ድምፁ ዝግ አለ፤ መጠየቅ አበዛ።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም እንዲሁ ነበር። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በቡድን ወደ ደንቢያዋ ቆላ ድባ ይመጣሉ፤ ሳኒተሪያኑ ሱሪውን ጠቅልሎ ከገበሬው ጋር የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍራል። (የ1967ቱን የእድገት በኅብረት ዘመቻ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብኝ። ያ ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር በአዋጅ ያዘመተ፣ የፖለቲካ ጣጣው የበዛ ሌላ ታሪክ ነው።)

ስለዚህ ልዩነቱ ልጆቹ ላይ አይደለም። ያኔ ተማሪው ሳይመረቅ ገጠሩን እንዲያይ የሚያስገድደው ሥርዓት ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን ዛሬም በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል፤ እነሱን ደንታ ቢስ ሲል የሰማሁት የለም። የሕጉ፣ የታሪኩ፣ የሒሳቡ ተማሪ ለምን አንድ ዓመት ወረዳ አይወርድም? ሰላም ባለበት አካባቢ ይጀመር፤ አበልና ማደሪያ ይመደብለት። የትምህርት ሚኒስቴር በጀት የለም የሚል ከሆነ በማደሪያው እናግዝ። አዘዞ ያለው ቤቴ አንድ ትርፍ ክፍል አለው፤ ለመጀመሪያው ተማሪ ኪራይ አልጠይቅም።

ጡረተኛ መምህር፣
ከጎንደር