ወደ ዋታሙ ከመሄድህ በፊት

ጅማ

ውድ ወንድሜ ነጂብ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እናቴም በጣም ደኅና ናት፣ ስምህን ሳታነሣ ውላ አታድርም። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ እንዳለፈ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ታናሽ ወንድምህ ነው። ሰሞኑን እዚህ ጅማ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ በጥር ወር ለሥራ ወደ ሞምባሳ እንደምትወርድና ሥራህን ስትጨርስ ወደ ዋታሙ ተሻግረህ በጀልባ የባሕሩን ውስጥ ለማየት እንዳሰብህ አጫወተኝ። እኔ ቦታውን ስለማውቀው፣ ሳልመክርህ ብትሄድ ይቆጨኛል።

ዋታሙ ከሞምባሳ በስተሰሜን በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። የባሕር ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1968 ከጎረቤቱ ከማሊንዲ ጋር የተከለለ በመሆኑ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። በክልሉ ውስጥ ዓሣ ማጥመድም፣ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን ድንጋይ መሰል ነገር) መስበርም፣ ዛጎል ማንሣትም የተከለከለ ነው። የፓርኩ መግቢያ ከጀልባው ኪራይ የተለየ ሲሆን በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ ስለዚህ ስትዋዋል የተጠራልህ ዋጋ መግቢያውን ይጨምር አይጨምር እንደሆነ ሳትሳፈር አጣራ።

ወሩን ጥሩ መርጠሃል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የአገሩ ሰዎች ካስካዚ ይሉታል፤ በእርሱ ጊዜ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃውም ይጠራል። ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲመጣ ግን ባሕሩ ይናወጣል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ሰዓቱን በተመለከተ ከጀልባ ነጂው ጋር አትከራከር። በዚያ ዳርቻ፣ በተለይ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ፣ ባሕሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከ3 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከመጠን በላይ ሲጎድል ሆድህ ኮራሉን ይነካል፣ በሚሞላበትና በሚጎድልበት መካከል ደግሞ ውሃው ይጎትትሃል። ቁርስ የምትበላበትን ሰዓት የሚወስነው ሆቴሉ ሳይሆን ባሕሩ ነው ብለህ ተቀበለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በባሕሩ ዳር ጀልባ የሚያከራዩ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ስለ ዓሣው ብዛትና ስለ ዋጋው ቅናሽ ይነግሩሃል። አንተ ግን የምትመርጠው የሚከለክልህን አስጎብኚ ይሁን። እኔን የወሰደኝ ሰው ገና ሳንነሣ ሁላችንንም አስቀምጦ፣ ኮራል ላይ መቆም እንደማይቻል፣ የደከመው ሰው በጀርባው ተገልብጦ እንዲንሳፈፍና እጁን እንዲያነሣ፣ ማንም ምንም ነገር እንዳይነካ አስጠነቀቀን። ከደረስን በኋላም መልሕቅ አልጣለም፤ ጀልባውን ለዚሁ ከተተከለው ተንሳፋፊ ኳስ ጋር በገመድ አሰረው፤ የሚጣል መልሕቅ ለብዙ ዓመታት ያደገውን ኮራል በአንድ ጊዜ ይሰባብረዋልና። በዚያው ሰዓት ከአጠገባችን የቆመ ሌላ ጀልባ ዳቦ እየቆራረሰ ወደ ውሃው ይጥል ነበር። ዓሦቹ ተጋፍተው ሲመጡ ተሳፋሪዎቹ ተደሰቱ፤ እኔም ለጊዜው ቀናሁባቸው። የእኛው አስጎብኚ ግን፣ ዳቦ የለመደ ዓሣ ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አልጌ፣ ማለትም የባሕር ሽበት፣ መጋጥ እንደሚተው፣ አልጌው ያልተጋጠለት ኮራል ደግሞ ታፍኖ እንደሚሞት አስረዳን።

በፓርኩ ውስጥ ዓሣ እንዳይጠመድ መከልከሉ የባለሥልጣን ጭካኔ እንዳይመስልህ። የባሕር ጃርት የሚሉት እሾሃም ፍጥረት ኮራሉን እየፋቀ ያፈርሰዋል፤ እርሱን ሰብረው የሚበሉት ጥርሳቸው የጠነከረ ዓሦች ናቸው። ዓሦቹ ተጠምደው ባለቁባቸው የኬንያ ዳርቻዎች ጃርቱ በዝቶ ኮራሉ ሲጎዳ፣ በተከለሉት ፓርኮች ግን ዓሦቹ ጃርቱን ልክ አስይዘውታል። ክለላ ሁሉን ያድናል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤል ኒኞ በሚባለው የአየር ጠባይ መዛባት ምክንያት የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ሲሞቅ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው ኮራል ሳይቀር ነጥቶ ብዙው ሞቷል፤ ሙቀት አጥር አያውቅም። ደለልም እንዲሁ ነው። ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከደጋው የታጠበውን አፈር ማሊንዲ አጠገብ ባሕሩ ውስጥ ይደፋዋል፣ ኮራል ደግሞ የጠራ ውሃና ብርሃን ይፈልጋል። የግልገል ግቤን ውሃ በክረምት ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ መዋኘቱ አትፍራ። ዋና የተማርነው ወንዝ ዳር ቢሆንም፣ ጨዋማ ውሃ ከወንዝ ይልቅ ሰውን ያነሣል፤ በዚያ ላይ ላይፍ ጃኬት ጠይቀህ ልበስ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያስቸግረው ትንፋሹ ነው፤ ፊትህ ውሃ ውስጥ እያለ ጫፉ ከውሃው በላይ በሚቀር ቱቦ በአፍህ መተንፈስን ገላህ እሺ አይልም። ስለዚህ መነጽሩንና ቱቦውን መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ቆመህ ሞክረው፤ በረጅሙ አስወጣ፣ ቀስ ብለህ አስገባ። መነጽሩ ጉም እንዳይዝብህ ውስጡን በምራቅህ አሸተህ ለቅለቅ አድርገው። ለጀርባህ ከቅባት ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ይሻላል፤ ከጸሐይ መከላከያ ቅባቶች አንዳንዶቹ ኮራልን ይጎዳሉ በሚል የሃዋይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ አውጥታ፣ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያለባቸውን ከ2021 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ አግዳለች።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለህ ተንሳፈፍ፣ አታሳድድ። አፉ የበቀቀን መንቁር የሚመስል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ዓሣ ከፊትህ ኮራሉን ሲነክስ ታያለህ፤ ድምፁ ደግሞ ቆሎ ሲቆረጠም የምትሰማውን ይመስላል። አልጌውን ፈልጎ ድንጋዩንም አብሮ ይፈጨዋል፣ የፈጨውንም ነጭ አሸዋ አድርጎ ከኋላው ይለቀዋል። በባሕሩ ዳር በባዶ እግርህ የምትረግጠው አሸዋ ከፊሉ እንዲህ የተሠራ ነው። ይህን የነገርኳት እናቴ «ያ አሸዋ ላይ ታዲያ ሰግደሃል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁላት።

የምትነሣበትን ቀን ስትቆርጥ ጻፍልኝ፤ ጨረቃዋን አይቼ የትኛው ቀን እንደሚሻል እነግርሃለሁ። የወሰደኝን ሰው አድራሻም ወንድምህ ስለያዘ ከእርሱ ተቀበለው። ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከማል