ፐርሺያን ድመት ወይስ ሲያሚስ? ለሐረሯ እህቴ

እንዴት ነሽ አቦ! ጤናሽ፣ ልጆቹ፣ እናትሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ድሬ አንቺ ሐረር፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መድረስ ነው እኮ፣ እንዲህ መጠፋፋታችን ይገርመኛል። አባዬ ካረፈ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተደራረበብኝ፣ ያኔ የላክሽልኝን ድምፅ ግን እስካሁን አላጠፋሁትም፣ ሲከፋኝ እከፍተዋለሁ።

እማዬ አሁን እኛ ጋ ነው ያለችው፣ ሳቢያን። የከዚራውን ቤት ትታ መምጣቱ ከብዷታል፣ እዚያ እኮ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ስትቀመጥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይላታል። እዚህ ግን እኔና ባሌ ስራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ ቲቪ ከፍታ ብቻዋን ትውላለች፣ አታየውም እኮ፣ ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው። ባለፈው "ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ" አለችኝ፣ በቃ ድመት ይግባ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የመጣው። ትልቋ ልጄ ቲክቶክ ላይ ፐርሺያን አይታ ሞቼ እገኛለሁ አለች፣ ፀጉሩ ረዥም፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ አሻንጉሊት የመሰለ፣ አዲስ አበባ የሚሸጥ ሰውም በቴሌግራም አገኘች። በሌላ በኩል ደግሞ የባሌ ባልደረባ ቤት ሲያሚስ ወልዳለች፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱ ብለውናል። ልጄን ልቧን መስበር አልፈልግም፣ ግን ፐርሺያኑ ድሬ ውስጥ እንዴት ይኖራል? ዘመዶቻችን ጋ አንድ አለ፣ ሄጄ አየሁት። ከሰዓት ላይ ሴራሚኩ ላይ ሆዱን ለጥፎ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ከዓይኑ ስር እንባው ቡናማ መስመር ሰርቷል፣ ብብቱ ስር ፀጉሩ ተቋጥሮ ጠጥሯል፣ ስነካው ጮኸ። አንጀቴን በላው። አፍንጫው አጭር ስለሆነ መተንፈሱም ያስቸግረዋል፣ የእንባ መውረጃውም ስለሚጠብ ፊቱን በየቀኑ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ፀጉሩም በየቀኑ መበጠር አለበት። ግንቦትና ሰኔ ድሬ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ፣ መብራት ጠፍቶ ፋን ሲቆምስ ምን ይሆናል? ደግሞ ከአዲስ አበባ በአዋሽ በሚኤሶ ያንን ሁሉ መንገድ በመኪና ታሽጎ ሲመጣ ሳስበው ይጨንቀኛል። ኩላሊቱ ላይ ውሃ የሚቋጥር በዘር የሚተላለፍ በሽታም በዚህ ዘር ላይ በብዛት አለ፣ ወላጆቹ ተመርምረዋል ወይ ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚልክልኝ።

ሲያሚሷ ጋ እማዬን ይዣት ሄድኩ። እናትየዋ ድመት መጥታ እማዬ ቀሚስ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ታወራለች በይ፣ ሚያው ብቻ አይደለም እኮ፣ ረዘም አድርጋ እንደመነጫነጭ፣ እማዬም "ምን ሆንሽ እቴ? ማን ነካሽ?" እያለች ትመልስላታለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስታወራ አልሰማኋትም ወላሂ። ድምፃም ናቸው፣ ሌሊትም ይጮሃሉ ይላሉ፣ ብቻቸውን መዋልም አይወዱም፣ ግን እኛ ቤት እኮ ብቻውን የሚውል ሰው ነው ያለው፣ ይግባባሉ። ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ሙቀቱ እንደዚያኛው አያሰቃያቸውም።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር፣ ሲያሚስ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ቀለሙን የሚሰራው ነገር ሙቀት ላይ አይሰራም፣ ቀዝቀዝ የሚለው የሰውነት ክፍል ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ለዛ ነው ጆሮው፣ አፍንጫው፣ እግሩና ጅራቱ ብቻ የሚጠቁረው። ሙቀት ያለበት ያደገ ነጣ ይላል፣ ብርድ ያለበት ያደገ ደግሞ ይጠቁራል፣ እና የአንድ እናት ልጆች አንዱ እኔ ጋ ሌላው አንቺ ጋ ቢያድጉ መልካቸው ይለያያል ማለት ነው። ይሄን ለልጄ ስነግራት ነው ትንሽ ልቧ የተመለሰው፣ አሁን ግልገሎቹን በየቀኑ ፎቶ ላኩልኝ እያለች ነው።

እኔ ወስኛለሁ፣ ሲያሚስ ነው። ግን ሦስት ወር ገደማ እስኪሆናቸው ከእናታቸው አንለያቸውም፣ እስከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የሚሰጥ ሐኪም እፈልጋለሁ። እማዬን ደግሞ ወጥ እንዳትሰጠው ካሁኑ እየነገርኳት ነው፣ ሽንኩርት ደማቸውን ይጎዳል፣ ነጭ ሽንኩርቱም እንደዚሁ፣ እሷ ግን ድመት በወጥ ነው ያደገው ብላ ትከራከረኛለች።

አሁን ያንቺን ምክር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ እናንተ ቤት ድመት ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ልውሰድ ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ሌሊት አይጮሁም ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው እማዬን እንዳይረሷት ነው የምፈራው። አንቺ እሷንም ታውቂያታለሽ፣ ድመትም ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውዪልኝ፣ ወይ ደግሞ ልጆቹን ይዘሽ ውረጂና አብረን ሄደን ግልገሎቹን እንያቸው፣ እማዬም ስምሽን እየጠራች ነው።

እህትሽ፣ ከሳቢያን