ስህተቴን ሳይቀር አተሙት
(ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእጅ የተሸመነውን ከታተመው የሚለይ ምልክት ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሽሮ ሜዳ የምሠራ ሸማኔ ነኝ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ከጨንቻ መጥቶ ጉለሌ የቀረ ሰው ነበር። ማግ ማጠንጠን የጀመርኩት እግሬ መርገጫው ላይ ሳይደርስ ነው። ያኔ "ሸማኔ" ስድብ ነበር። ትምህርት ቤት የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ "ነጋዴ ነው" እል ነበር። ዛሬ ልጄ በኩራት ትናገራለች። ቴሌግራም ላይ ቻናል የከፈተችልኝም እሷ ናት።

ከነጠላና ከጋቢ ሌላ የራሴ ሙከራዎችም አሉኝ። በጉሎ ቅጠል ከሚያድገው ትል የሚገኘውን ሐር ከጥጥ ጋር ቀላቅዬ ሻርፕ ሠርቻለሁ። ነጋዴው አይቶ "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አለኝ፤ ለማን እንደሆነ እኔም ገና አልለየሁም። በሽንኩርት ልጣጭ ክር እነክራለሁ፤ ደስ የሚል ወርቃማ ቢጫ ይወጣዋል። በቡና ሞክሬ ግን የታጠበ ካልሲ የመሰለ ቀለም ነው ያገኘሁት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ትልቁን ድስት ቆልፋብኛለች።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ? ለእኛ ሰፈር ይሄ ተረት ብቻ አይደለም፣ የዓመት ገቢያችን ነው። ከገና በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ሰሞን ለአንዲት ደንበኛ አዲስ ጥለት አወጣሁ። ሰማያዊና ወርቃማ ክር ነው፣ መሐሉ ላይ መስቀል ተደርድሮበታል። ሠርቼው አላውቅም፣ ተሠርቶም አላየሁም።

ጥለት የሚወጣው በቆጠራ ነው። ድሩን በጣት እያነሱ ይቆጥራሉ፣ ባለቀለሙን ክር ያሳልፋሉ፣ መወርወሪያዋን ይልካሉ፣ ይመታሉ። እንደገና ይቆጥራሉ። ሁለት ፈትል ከሳቱ መስቀሉ ያነክሳል። እኔም በሦስተኛው ረድፍ ላይ እየቆጠርኩ ሳለ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባችና "አባዬ፣ ለደብተር ሃምሳ ብር" አለችኝ። ሰጠኋት። ቆጠራው ግን ጠፋኝ። የአንዱ መስቀል ግራ ክንፍ ከቀኙ በሁለት ፈትል አጠረ። ሳስተውለው ሦስት ጣት ያህል አልፌዋለሁ። መፍታት ይቻል ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት። ደንበኛዬም ሳታስተውል ለብሳው ጃንሜዳ ወረደች። ፎቶውን ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት።

ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በጥቅል የቆመ ጨርቅ አየሁ። በሜትር ነው የሚሸጠው። ሰማያዊና ወርቃማ ነው። መስቀሎቹን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠጋ ብዬ ሦስተኛውን ረድፍ ፈለግኩ። አንካሳው መስቀሌ አለ! ግራ ክንፉ በሁለት ፈትል አጥሮ፣ ልክ እኔ እንደሳትኩት። ጥቅሉን ስዘረጋው ክንድ ያህል እየሄደ ይደጋገማል። እኔ አንዴ ነው የተሳሳትኩት። ማሽኑ ግን ስንት ሺህ ጊዜ እንደተሳሳተልኝ እግዜር ይወቀው።

ሻጩ ልጅ አላወቀኝም። "ኦሪጅናል የሽሮ ሜዳ ሽመና ነው" አለኝ። ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት፤ ነጭ ነው። "ዘመናዊ ስለሆነ ነው" አለኝ። ምን ትለዋለህ? እሱም ጅምላ ሻጩ የነገረውን ነው የሚደግመው። አልተጣላሁትም፣ ግማሽ ሜትር ገዝቼ ወጣሁ። የራሴን ጥለት በገንዘቤ ገዛሁ ማለት ነው።

ሰው እንዴት ይሸወዳል ትሉ ይሆናል። እንኳን ከተሜው፣ የባላገር እናቶችም ይሸወዳሉ። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። ለሚያውቅ ሰው ግን መለያው ብዙ ነው። የእጅ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ ስለሚሸመን ሲገለብጡት ክሩ በጀርባም ይታያል፣ በጣት ሲዳስሱት ከፍ ዝቅ ይላል። ሸማኔ ጥለቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳርፈው ከጨርቁ ጫፍ ላይ ነው፤ ማተሚያ ግን ደረትም ላይ፣ ብብትም ላይ ያትመዋል። አንድ ክር መዝዘው ቢያቃጥሉትም ይለያል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ግን የትኛዋ ሙሽራ ናት ክብሪት ይዛ ሱቅ የምትገባው?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ደንበኛ ለስድስት ሚዜ ልብስ ዋጋ ጠይቃኝ ነበር። ነገርኳት። "አምስት እጥፍ አልክ እኮ፣ ያንኑ ልብስ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ" ብላ የላከችልኝ ፎቶ ያው የታተመው ነው። እንደሷ ሒሳብ ሌባው እኔ ነኝ። የጥለት ቀሚስ እኮ እንደ ጥለቱ ስፋት ሳምንታት ይፈጃል። ማሽን በአንድ ጠዋት ከሚያወጣው ጋር በዋጋ ልወዳደር አልችልም፣ አልመኝምም።

የታተመው ይከልከል አላልኩም። የእጅ ሥራ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ እሱም በዓሉን አምሮበት ይዋል። የጠየቅኩት ነገር ትንሽ ነው፦ የታተመው "የታተመ" ይባል፣ የተሸመነው "የተሸመነ" ይባል። ለተሸመነውም መንግሥት የሚያውቀው አንድ ምልክት ይኑረው።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው መንገዱን ስለምታውቁት ነው። የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ቡናን ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተሟገተው የያኔው ጽሕፈት ቤታችሁ ነው። ስታርባክስን የሚያህል ኩባንያ መጀመሪያ ቢያንገራግርም በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ፈርሟል። ያን ዜና በሬዲዮ ስሰማ ድር እየዘረጋሁ ነበር። ቡና ስም ካገኘ ጥበብ ምን ይጎድለዋል አልኩ። የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998ም አንድ ማኅበር ለአባላቱ በጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው።

በሌላ አገር ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። ሸማኔዎቹ እንደኛ በየቤታቸው፣ በእግራቸው እየረገጡ ነው የሚሠሩት። ጨርቁ ተመርምሮ ክብ ኳስና መስቀል ያለበት ማኅተም ይመታበታል፤ ያ ማኅተም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣለት። ሱፉ እዚያው ደሴቶች ላይ ካልተነከረና ካልተፈተለ፣ ጨርቁም በደሴቶቹ ሰዎች ቤት በእጅ ካልተሸመነ በዚያ ስም መጠራት አይችልም። ፓርላማ ተቀምጦ ስለ ጨርቅ ሲከራከር አስቡት! ህንድም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለእጅ ሽመና መለያ ምልክት አላት።

እኛስ ሞክረናል? ሞክረናል። አምስት ሆነን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ዛሬ የመጣሁት ለክስ አይደለም። "ማኅበር ሆናችሁ ኑ" ተባልን። ማኅበር ሆነን ሄድን። "ከወረዳ ደብዳቤ" ተባለ። አመጣን። ከዚያ "ምልክት የምትሉት ምኑ ነው? ጨርቅ አይደለም እንዴ?" አለን አንዱ። ሌላ ቀን ስንሄድ ሰውዬው ተቀይሯል፣ ፋይሉም የለም። አንዱ ጓደኛችን በዚህ መሐል ሽመናውን ትቶ ባጃጅ ገዛ። በየስብሰባው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እየተባልን እንመከራለን። ድር ማዘጋጀት የዕለት ሥራችን ነው እኮ! ድር ያለ ማግ ጨርቅ እንደማይሆንም እናውቃለን። እኛ አብረናል፣ ማጉ ነው የጠፋው።

ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ አስቤበታለሁ። ጫፉ ላይ የምትሰፋ ትንሽ ጨርቅ ትሁን፣ እሷም በእጅ የተሸመነች። የማኅበሩና የሸማኔው ቁጥር ይኑርባት። ጥያቄ የተነሳ ቀን ያ ቁጥር እግሬን ከትቼ እስከምሸምንበት ጉድጓድ ድረስ መርቶ ያመጣል። ማኅበሩ አባላቱን ይቆጣጠር፣ እናንተ ደግሞ ማኅበሩን። ድሩ የፋብሪካ ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዛሬ አብዛኞቻችን ድሩን ከፋብሪካ ነው የምንገዛው፣ እጅ የፈተለው ማጉ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ደረጃ ያስፈልገው ይሆናል። እዚህ ላይ እኛው በእኛው መከራከራችን አይቀርም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

አንድ የምፈራው ነገር ግን አለ። ማኅተሙ ራሱ ሊታተም ይችላል። አንካሳውን መስቀሌን ያልማረ ማሽን የእናንተን ማኅተም ይምራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ምልክቱ ወረቀት ላይ ብቻ ተመዝግቦ ቢቀር አይጠቅመንም። አስመስሎ የሚለጥፈውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አያይዣለሁ። ሁለቱም ላይ ያ ጥለት አለ። አንዱን ከግማሽ ሜትሩ ቆርጬዋለሁ፣ ሌላውን እንደገና ሸምኜዋለሁ። እንዳትለዩት ብዬ አንዱን መስቀል እያወቅኩ አሳጥሬዋለሁ፤ ቆጥሮ መሳሳት ከባድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሳትገለብጡ ሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ

አባሪ፦ 2 ቁራጭ ጨርቅ
ግልባጭ፦
ለሽመና ማኅበራችን
ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው ደንበኛዬ