ልጅሽ ምን ይማራል ሲሉሽ

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስጀምረው "በልተሃል ወይ?" ትይኛለሽ። በልቻለሁ ስልሽ ኔትወርኩ ይጠፋል። ሦስት እሁድ ሞክሬ ሦስቱንም እሁድ ስለ ምግብ አውርተን ተለያየን። ስለዚህ ጻፍኩት። ዓይንሽ ስለደከመ እህቴ ታነብልሻለች። አደራ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ "ዋሸሁሽ" የሚል ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ እሷን እንዳትቆጪያት። አፉ የሷ ነው እንጂ ዋሾው እኔ ነኝ።

ያስጻፈኝ ባለፈው የነገርሽኝ ነገር ነው። ቡና ላይ፣ ከፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ "ልጅሽ ነርስነቱን ጨረሰ ወይ?" አሉሽ። አንቺም "ሊጨርስ ነው" አልሻቸው። ከዚያ እኔን "እውነቴን ነው አይደል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "አዎ፣ ሊያልቅ ነው" አልኩሽ።

ሊያልቅ መሆኑ እውነት ነው። የሚያልቀው ግን ነርስነት አይደለም። እሱን ከተውኩት ሁለት ዓመት አለፈው። ዋሸሁሽ።

ለምን እንደዋሸሁ ታውቂዋለሽ። "ሳረጅ መርፌዬን የሚወጋልኝ ልጅ አለኝ" እያልሽ ለሰው ስትናገሪ ሰምቻለሁ። እሷን ዓረፍተ ነገር እንዴት አድርጌ ከአፍሽ እንደምቀማሽ ጠፋኝ።

አሁን የምማረው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ከተማ ውስጥ ነው ያለው፤ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሊንጉስቲክስ፣ በኛ ሥነ ልሳን የሚሉት ነው። ሁለተኛው ፍልስፍና። ሁለቱንም አብሬ።

ሥነ ልሳን ስትያቸው "ታዲያ ስንት ቋንቋ ይችላል?" ይሉሻል። ሁለት ነው የምችለው፣ እሱም አንዱን እየተንተባተብኩ። ሰዓት ጠጋኝ እጁ ላይ አሥር ሰዓት አያስርም። ትምህርቱም እንደዚያ ነው፤ ቋንቋን ከፍተው ውስጡን ያዩታል። ፍልስፍና ስትያቸው ግን ምን እንደሚሉሽ እኔም ፈራሁ። አንቺ ራስሽ መልስ ስሰጥሽ "አትፈላሰፍብኝ" ነበር የምትይኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሥራዬ ነው። ነርስነት እየተማርኩ ለኪስ ብዬ በስልክ ማስተርጎም ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ እንግሊዝኛ ያወራል፣ ታካሚው አማርኛ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ መሀላቸው እገባለሁ። የሥራው የመጀመሪያ ሕግ "እንዲህ ይላል፣ እንዲህ ትላለች" ማለት የለም ነው። ታካሚዋ "ወገቤን ያመኛል" ካለች እኔም በእንግሊዝኛ "ወገቤን ያመኛል" ነው የምለው። ሐኪሙ "እኔ" ካለ፣ እኔም "እኔ"።

አንድ ቀን ያንቺ እኩያ የሆኑ እናት ደረሱኝ። ሐኪሟ "ሆድዎን ልንካው" አለች። እኔም እንደ ሕጉ "ሆድዎን ልንካው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ "አንተ ባለጌ! በስልክ ሆነህ የምን መንካት ነው?" ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። የተባለውን ሁሉ ተርጉም ነው ሕጉ። ባለጌውንም ተረጎምኩት።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። (ይቺን አባባል ያዣት፣ እመለስባታለሁ።) ስምንት ሰዓት ሙሉ "እኔ፣ እኔ" ስል ውዬ አንዷም የራሴ አልነበረችም። ታዲያ ይቺ ቃል የማን ናት?

በዚያው ሰሞን ነርስነት የምማርበት ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው) ከነርስነት ውጪ አንድ ኮርስ ውሰድ አለኝ። ሰዓቱ ለሥራዬ ስለተመቸኝ ብቻ የፍልስፍና መግቢያን ወሰድኩ። እዚያ የሰማሁት አንድ ታሪክ ነው ጉድ ያደረገኝ። ጆን ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1979 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) የጻፈው ነው። ፔሪ ሱፐርማርኬት ውስጥ መሬት ላይ የፈሰሰ የስኳር መስመር ያያል። የስኳር ከረጢቱ የተቀደደበት ሰው አለ ብሎ ሊነግረው ይከተለዋል። መደርደሪያውን በዞረ ቁጥር መስመሩ ይወፍራል። ሰውየው ግን የለም። በመጨረሻ የተቀደደው ከረጢት የራሱ ጋሪ ውስጥ መሆኑ ይገባዋል።

ነገሩን እስኪ አስቢው። አንድ ሰው ስኳር እያፈሰሰ እንደሆነ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የጨመረው "እኔ ነኝ" የምትለዋን ብቻ ነው። እጁን ወደ ጋሪው የመለሰችው ግን እሷ ናት።

እኔም አንድ ቀን ሐበሻ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዤ የሰው ወሬ እሰማለሁ። አንዱ ልጅ ሕክምና እማራለሁ ብሎ ቤተሰቦቹን ለዓመታት ሲያታልል ኖሯል አሉ። "ምን ዓይነት ሰው ነው እናቱን የሚዋሸው?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ስኳሩ ከየት እንደሚፈስ የታየኝ። ከዚያም በኋላ ዝም ብዬ ከረምኩ እንጂ።

ሁለቱን አብሮ መማር ምን ይሉታል ካልሽ፣ የእድሩን ማስታወቂያ አስታውሺ። ጸሐፊው "ሁሉም አባላት የጥር ወር አልከፈሉም" ብሎ የለጠፈው። ደረሰኝሽን ይዘሽ ሄደሽ አፋጠጥሽው። እሱ ደግሞ "ሁሉም አልከፈሉም አልኩ እንጂ ማንም አልከፈለም መች ወጣኝ? የከፈለም ያልከፈለም አለ ማለቴ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፋችሁ።

ሁለታችሁም ልክ ነበራችሁ። ሎጂክ በሚባለው ትምህርት "ሁሉም" የሚጻፈው በተገለበጠ የእንግሊዝኛ ኤ ነው። "አይደለም" የሚለው ምልክት ከሷ በፊት ከመጣ የጸሐፊው ትርጉም ይሆናል፤ ከኋላዋ ከመጣ ያንቺ። እሱን በእስክሪብቶ ስጽፈው ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ኩርፊያ የአንዲት ምልክት ቦታ ነበር። ሥነ ልሳን የሚጠይቀው፣ ማንም ሳያስተምረን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም እንዴት እናወጣለን ብሎ ነው። ፍልስፍና ደግሞ እያንዳንዱ ትርጉም እውነት እንዲሆን ዓለም ምን መምሰል አለባት ይላል። ጋቢ ስናጥፍ አንቺ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እንደምንቆመው ነው። ብቻውን የሚያጥፍ ሰው አለ፤ ግን መሬት ለመሬት ይጎትተዋል።

ክፍል ውስጥ ዝናም አግኝቻለሁ። የድምፅ ትምህርት ላይ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸን የመሳሰሉት ተራ ደረሰ። ጉሮሮን ዘግቶ አየሩን አፍ ውስጥ አፍኖ ድንገት መልቀቅ ነው። ፈረንጆቹ ፊታቸው እስኪቀላ ታገሉ። መምህሯ ወደኔ ዞረች። "ቀጠቀጠ" አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ! ስሜን ስጠራ እንኳን አጨብጭቦልኝ የማያውቅ አገር።

አሁን ወደ "እኔ" ልመለስ። ፍሬ ነገሩ እሱ ነው።

በእንግሊዝኛ "ጆን ጀግና ነኝ ይላል" የሚለውን ቃል በቃል ብታዞሪው ጀግናው ጆን አይደለም። ተናጋሪው ነው። "እኔ" ምንጊዜም የሚናገረው ሰው ነው። ዴቪድ ካፕላን የሚባል የሎስ አንጀለስ ፈላስፋ በ1977 በጻፈው፣ በ1989 በታተመ ጽሑፉ፣ ይቺን "እኔ"ን ከተናጋሪው ነጥቆ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ቃል የለም፣ ቢኖርም ጭራቅ ነው አለ። ጭራቅ! የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ እሱ ነው።

በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የሚባል ፈረንሳዊ ጭራቁ አለ ብሎ ጻፈ። ከምስክሮቹ አንዷ ምን መሰለችሽ? አማርኛ። ይቺው "ጆን ጀግና ነኝ ይላል" ናት። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ስሙ "ሊንጉስቲክስ እና ፍልስፍና" ነው፤ ሁለቱ ትምህርቶቼ አንድ ሽፋን ላይ። በኋላም ቱርክ ውስጥ የሚነገረው ዛዛኪ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የሆነው ኔዝ ፐርስ፣ ሌሎችም ጭራቅ አለን ብለው መጡ። የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ የአማርኛ ሰዋስው የጻፉት ቮልፍ ሌስላውም ያስተማሩት እዚያው ካፕላን ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ቡና ቢጠጡ ኖሮ ስንት ወረቀት ይተርፍ ነበር።

"ጆን ያለውን እኮ እንዳለ መድገም ነው" የሚል ሙግት አለ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ልጅ እያለሁ ለጎረቤት ስታማርሪ "አልበላልኝ አለ" ትይ ነበር። እስኪ ቀስ ብለሽ በያት። "አልበላ" የሚለው እኔ ነኝ፤ የማልበላው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ልኝ" ግን አንቺ ነሽ። እኔ በአፌ "አልበላልሽም" ብዬ ይሆናል እንጂ "አልበላልኝ" አላልኩም። ስለዚህ ድግግሞሽ አይደለም። በአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት "እኔ" አለ፣ አንዱ ልጅ፣ አንዱ እናት።

ከሰው ወጥተሽ ሂጂ ደግሞ። በሩ አልከፈት አለ። መኪናው አልነሳ አለ። እንቅልፍም አልወስደኝ አለ። ክፍል ውስጥ "ሊጡ አልቦካ አለ" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። መምህሯ "እዚህ ውስጥ ያለው 'እኔ' ማን ነው?" አለችኝ። "ሊጡ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጠመኔዋን ይዛ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆየች።

ስለ ሃይማኖቴ አትስጊ። ፍልስፍና ያስክዳል የሚሉሽን አትስሚ። እሁድ ሥራ ከሌለኝ አስቀድሳለሁ። ዐቢይ ጾምን ግን ሁሉንም ቀን አልጾምኩም። ከሁለቱ ትርጉሞች የትኛው እንደሆነ እንደ እድሩ ጸሐፊ ድርቅ እላለሁ። ደግሞ የተማረ ስለት አይሳልም እንዳትይ። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት የነሐስ ኤሊ አለች። ፈተና ሲደርስ ተማሪው አፍንጫዋን ይዳብሳል፤ ሳንቲም፣ ኑድል፣ ቡና ያስቀምጥላታል። ከመዳበስ ብዛት አፍንጫዋ ያብለጨልጫል። እኔም ዳብሻታለሁ።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ ለሚለው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ነርስ የሚያገኘውን አላገኝም። አብረውኝ የጀመሩት መኪና ቀይረዋል። እኔ እስካሁን በአውቶብስ ነኝ። ግን ሥራ አላጣም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። አስተርጓሚ ይፈለጋል። ለጎረቤት "አስተርጓሚ ነው፣ የቋንቋ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው" በያቸው። ፍልስፍናውን ከፈለግሽ ዝለይው።

መርፌውን በተመለከተ ምንም የምለው የለኝም። ለእህቴም አላሸክማትም። ስመጣ እናወራዋለን።

አሁን አንድ ነገር እርጂኝ። የማጠቃለያ ጽሑፌ ስለዚሁ ስለ "አልበላልኝ አለ" ነው። የኔ ጆሮ ተበላሽቷል። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ስለው ልክ ይሁን ስህተት ይጠፋኛል። ያንቺ ጆሮ ግን አለ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። አንቺ "ይባላል" ወይም "አይባልም" ብቻ በይ። ለምን እንደሆነ አታስቢ።

አንደኛ፦ ሊጡ አልቦካልኝ አለ።

ሁለተኛ፦ ዝናቡ አላቆምልኝ አለ።

ሦስተኛ፦ ልጄ ነርስ አልሆንልኝ አለ።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ሦስተኛዋ ላይ ብትቆጪም ተቆጪ፤ ግን ይባላል አይባልም የሚለውን ሳትነግሪኝ እንዳትዘጊብኝ።

ልጅሽ